የሰዕደዲን ምድር በቡና ታሪክ ውስጥ፦ በራልፍ ሐቶክስ መጽሐፍና በሌሎች የምግብና የመጠጥ ታሪክ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒሳዊ ንባብ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩት የሐንበሊ መዝሀብ ሊቅ ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ ስለ ቡና ሐላልነት «ዑምደቱ ሰፍዋ ፊ ሒሊል ቀህዋ» የተሰኘ ድርሳን አዘጋጅተዋል። በድርሳኑ መግቢያ ላይ ከእሳቸው ቀደም ብለው ስለዚሁ ጉዳይ የጻፉትን የሺሃቡዲን ኢብን ዐብዱልገፋርን ቃል ይጠቅሳሉ። ቃሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ቡና በየመን እንዴት እንደታወቀ የሚተርክ ሲሆን በዓለም ዙሪያ በቡና ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ተደጋግሞ ይገኛል። የዐደን ሙፍቲ የነበሩት ጀማሉዲን አዝ-ዘብሓኒ በአንድ ጉዳይ ምክንያት ወደ «በር አል-ዐጀም» ማለትም ከቀይ ባሕርና ከዐደን ባሕረ ሰላጤ ወዲህ ወዳለው ምድር ተሻግረው ሰዎች ቀህዋ ሲጠጡ አዩ። ወደ ዐደን ከተመለሱ በኋላ ታመሙ፤ ያዩትን አስታውሰው ቢጠጡት ተጠቀሙበት፤ ድካምንና እንቅልፍን እንደሚያባርር ተረዱ፤ ወደ ተሰዉፍ ሲያዘነብሉም እሳቸውና ጓዶቻቸው ለሌሊት ዒባዳ መበርቻ አደረጉት። ዘብሓኒ የሞቱት በ875 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1470/71) ነው።

ሁለተኛው ክፍል አጭር ነው፤ እስካሁንም ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ኢብን ዐብዱልገፋር ይህ ሁሉ የየመንን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ካሳሰቡ በኋላ፣ በሰዕደዲን ልጆች ምድር፣ በሐበሻ፣ በጀበርትና በሌሎች የዐጀም አገሮች ግን ቡና መች እንደተጀመረና በምን ሰበብ እንደተጀመረ እንደማይታወቅ ይናገራሉ። የእኛ አገር ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። «በር ሰዕደዲን» የሚለው ስያሜ ለ«ፉቱሑል ሐበሻ» አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዘይላዕ በተገደሉት በወላስማው ገዢ በሱልጣን ሰዕደዲን ስም የተጠራው የዐደል ምድር ነው። ጀበርት የሚለውም ስም በአል-አዝሀር መስጊድ ራሱን የቻለ ሪዋቅ ለነበራቸው የአገራችን ሙስሊም ተማሪዎች መጠሪያ ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። ስለዚህ ከቀዳሚዎቹ የቡና ታሪክ ምስክሮች አንዱ የመጠጡን መነሻ ሲጠየቅ ጣቱን ወደኛ ቀስሮ፣ ስለዚያ ግን የማውቀው የለም ብሎ አልፏል ማለት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት መጻሕፍት ይህን ክፍት ቦታ ምን አደረጉት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጉዳዩን ለማንሳት የገፋፋኝ የመጻሕፍት ፍቅር ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኢማሞች ሥልጠና ላይ፣ በአንዳንድ የወሎ አካባቢዎች እንደሚደረገው ቡና አፍልቶ ዱዓ ማድረግ ያስከተለው ክርክር ተነሣ። አንድ ወጣት ዳዒ መካ ላይ በ917 ዓመተ ሂጅራ ቡና መከልከሉን ጠቅሶ፣ የዚያ ዘመን ዑለማእ ያወገዙት ይህንኑ ስብስብ ነው ሲል ተከራከረ። አንድ አዛውንት ሸይኽ ደግሞ ቡና የኛ መሆኑን ለማስረዳት የካልዲንና የፍየሎቹን ተረት አወሱ። ሁለቱም የተናገሩት ከመጽሐፍ ያገኙትን ነበር፤ ሁለቱም ማስረጃዎች ግን ለተጠቀሱበት ጉዳይ አይሆኑም። ዱዓው ራሱ በሸሪዓ ሚዛን ምን እንደሆነ መወሰን የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ግን በመጀመሪያ ስለየትኛው ማዕድ እንደሚናገር ማወቅ ይኖርበታል።

የራልፍ ሐቶክስ «ቡናና የቡና ቤቶች» እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ርእሱ በአማርኛ ሲገለበጥ ትንሽ ያስቸግራል። በእኛ ከተሞች «ቡና ቤት» የሚባለው ስም ከቡና ይልቅ ለአልኮል መጠጥ መሸጫ ሆኖ ስለቀረ፣ መጽሐፉን ለመድረሳ ተማሪ ስሰጥ ሁልጊዜ ማብራሪያ መጨመር ግድ ይለኛል። የሚገርመው ግን ይህ የቃል መዘበራረቅ ከመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ብዙም የራቀ አለመሆኑ ነው። ሐቶክስ ስለ ቀህዋ ቤቶች አነሣስ የጻፉትን ምዕራፍ «ወይን የሌላቸው የወይን ቤቶች» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ሰይመውታል። ቀህዋ የሚለው ቃል ራሱ በጥንታዊው ዐረብኛ የወይን ጠጅ ስም እንደነበር፣ ወደ ቡና የተሸጋገረውም በኋላ እንደሆነ ያስረዳሉ። በዚህም ቃሉ ከከፋ አገር ስም የመጣ ነው የሚለውን፣ እኛ ዘንድ በጣም የተወደደውን ግምት ውድቅ ያደርጉታል። ከአር-ራዚና ከኢብን ሲና የሕክምና መጻሕፍት «ቡንክ» የሚለውን ስም ነቅሰው ቡና በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ይታወቅ ነበር የሚሉትንም በጥርጣሬ ያልፏቸዋል። ይህ ጥንቃቄ የመጽሐፉ ትልቁ በጎ ጎን ነው።

ሌላው በጎ ጎን የፊቅህ መጻሕፍትን የማኅበራዊ ታሪክ ምንጭ አድርጎ ማንበብ መቻሉ ነው። የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚመረኮዙት በተጓዦች ማስታወሻ፣ በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልና በንግድ መዛግብት ላይ ነው። ሐቶክስ ግን የሙፍቲዎችን ክርክር ይዘው ይገባሉ፤ ሰዎች ምን እንደጠጡ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ዕቃ፣ ጽዋው በየት በኩል እንደዞረ ከክርክሩ ውስጥ ለቅመው ያወጡታል። አንድ ነገር ሐራም ነው ወይስ ሐላል ተብሎ ሲጠየቅ ጠያቂው የነገሩን ሁኔታ መግለጽ ግድ ስለሚሆንበት፣ የፈትዋ መጽሐፍ ሳያስበው የምግብ ታሪክ መዝገብ ይሆናል። ይህን የምጽፍላቸው መምህራን በየዕለቱ የሚያገላብጧቸው ኪታቦች እንዲህ ያለ ጥቅም እንዳላቸው ለማየት መጽሐፉን ቢያነቡ አይከፉም።

የመካውን ክርክር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1511 ማምሉኮች በመካ የሾሙት ሙሕተሲብ ኻኢር ቤይ አንድ ሌሊት በሐረም አካባቢ ፋኖስ አብርተው የተሰበሰቡ ሰዎችን አየ። ሲቀርባቸው ፋኖሳቸውን አጠፉ። የሚጠጡት ቀህዋ የሚባል ነገር መሆኑን፣ በከተማይቱም የወይን መሸጫ በሚመስሉ ቦታዎች እየተሸጠ መሆኑን ሰማ። በማግስቱ ቃዲዎችንና ሊቃውንትን ሰበሰበ፤ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞችም መጠጡ ጎጂ መሆኑን መሰከሩ። ክልከላው ተጽፎ ወደ ካይሮ ተላከ። ከሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ ዘንድ የመጣው መልስ ግን ኻኢር ቤይ እንደጠበቀው አልነበረም፤ ሱልጣኑ በመጠጡ ሰበብ የሚደረገውን ያልተገባ ስብስብ እንጂ መጠጡን ራሱን በፍጹም አልከለከለም። በቀጣዩ ዓመት ኻኢር ቤይ ከሹመቱ ተነሣ።

ሐቶክስ ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት ድምዳሜ፣ ተቃዋሚዎቹን ያሳሰባቸው ፍሬው ሳይሆን ፍሬው የፈጠረው ሌሊታዊ ስብስብ ነው የሚል ነው። ወደ ሸሪዓው ክርክር ሲገቡም የተቃዋሚዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ ያነሣሉ፦ ቡናው ተቆልቶ ወደ ከሰልነት መቃረቡ፣ አእምሮን መለወጡ፣ ጽዋው እንደ ወይን በክብ እየዞረ መጠጣቱ። የጀዚሪ መልስም በሚገባ ተብራርቷል፤ ቡና የጠጣ ሰው ይነቃል እንጂ አይሰክርም፣ ስካር በሌለበት የኸምር ብይን አይጠራም። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉን የሚተች ነገር የለም።

ቅር የሚያሰኘኝ ክርክሩ ሲጠቃለል ነው። ሐቶክስ ጉዳዩን ወደ ማኅበራዊ ሥጋት ሲመልሱት፣ የፊቅሁ ውይይት የሌላ ነገር መሸፈኛ ወደ መምሰል ያዘነብላል። ኡሱል ያስተማረ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ለቡና የተከራከሩት ሊቃውንት «በነገሮች ላይ መነሻው መፈቀድ ነው» የሚለውን መርሕ የያዙት ቡና ስለወደዱ አልነበረም። በሐኪሞች ምስክርነት መጠየቅም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብይኑ የተንጠለጠለበት ምክንያት በጉዳዩ ላይ በእውን መኖር አለመኖሩን የማጣራት፣ በኡሱል ሊቃውንት አጠራር የ«ተሕቂቁል መናጥ» ሥራ ነው። ስሕተት ከነበረ የተሠራው በማጣራቱ ላይ እንጂ በመርሑ ላይ አይደለም። የቀጣዮቹ ዘመናት ሊቃውንት በብዛት ወደ ፈቃድ ያዘነበሉትም ማኅበራዊው ሥጋት ስለጠፋ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የቀህዋ ቤቶች በሥጋት መታየታቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ አጋማሽ በኢስታንቡል ከተከፈቱ በኋላም ወሬውና ጨዋታው ለባለ ሥልጣናት ሲያሳስብ ኖሯል። ሥጋቱ እንዳለ ቀጥሎ ብይኑ ከተለወጠ፣ ብይኑን የለወጠው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ያ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ መርሑ ራሱ ነው፤ ሰዎች ነገሩን ጠጥተው፣ አይተው፣ ስካር አለመሆኑን አረጋገጡ።

አሁን ወደ ክፍቱ ቦታ እንመለስ። ሐቶክስ የኢብን ዐብዱልገፋርን ሁለተኛ ክፍል አልዘለሉትም፤ ጠቅሰውታል። ከዚያ በኋላ ግን የኛ ምድር ከመጽሐፉ ይወጣል፤ ትረካው ወደ የመን፣ ወደ መካ፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ደማስቆና ወደ ኢስታንቡል ይሄዳል። ለዚህ በግል መውቀስ አይገባም። ምንጩ ዝም ባለበት እሳቸውም ዝም ማለታቸው የሐቀኛ ተመራማሪ ሥራ ነው። ችግሩ ዝምታው በኋላ ባሉት ጸሐፊዎች እጅ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ነው። የተክሉ ጫካ ኢትዮጵያ፣ የመጠጡ ሥልጣኔ የመን የሚል ክፍፍል ተፈጠረ፤ እኛ ዘንድ ዛፍና ፍየል፣ እነሱ ዘንድ ሰውና ዚክር የነበረ ያህል። የዘብሓኒ ታሪክ ግን የሚለው ተቃራኒውን ነው። እሳቸው በር አል-ዐጀም ሲደርሱ ያገኙት ዛፍ አልነበረም፤ የሚጠጡ ሰዎችን ነው። የሚጠጡት ሰዎች ማን ነበሩ? በምን ዕቃ አፈሉት? ፍሬውን፣ ገለባውን ወይስ ቅጠሉን? በየመን ለረጅም ጊዜ ይጠጣ የነበረው «ቂሽር» የተባለው የገለባ መጠጥ መሆኑ ይታወቃል። በሐረር የቡና ቅጠል «ቁጢ» ተብሎ ይጠጣል፤ በኦሮሞ ዘንድ ፍሬው እንዳለ በቅቤ ይጠበሳል፤ በደቡብ ምዕራብ ቅጠሉ ከቅመም ጋር ይፈላል። አንድ ተክል በአንድ አገር በዚህን ያህል ልዩ ልዩ መንገድ ለምግብነትና ለመጠጥነት ሲውል፣ ዛፉ ብቻ ነበር ማለት አያስኬድም። እርግጥ ነው፣ የዛሬ ልማድ የ15ኛውን ክፍለ ዘመን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ይጠቁማል።

የካልዲን ተረትም እዚሁ ላይ ማንሣት ይገባል። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው የእረኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም፣ ማሮናዊው ምሁር ፋውስቶ ናይሮኒ በላቲን ባሳተሙት አጭር ድርሳን ውስጥ ያለው ነው። እዚያ የካልዲ ስም የለም፤ እረኛው የግመል ወይም የፍየል ጠባቂ ነው፤ ታሪኩም የተቀመጠው በዐረብ ምድር ነው። ስሙም ሐበሻነቱም በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከናይሮኒ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፈው የኢብን ዐብዱልገፋር ምስክርነት በእጃችን እያለ፣ በሮም የታተመን ተረት ለአገራችን ቀዳሚነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ከወርቅ ናስ መምረጥ ነው። በሥልጠናው ላይ ተረቱን ያወሱት ሸይኽ ራሳቸው ዐረብኛውን ከብዙዎቻችን አስበልጠው ያነባሉ፤ ጀዚሪን ግን ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

ለወጣቱ ዳዒ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከሐቶክስ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፎች ይገኛል። በእነዚያ ምዕራፎች የቀህዋ ቤት ትልቁ ለውጥ ሰውን በሌሊት ከቤቱ ማውጣቱ እንደሆነ ይተነተናል። ከመስጊድና ከመታጠቢያ ቤት በቀር በክብር የሚሄድበት ቦታ ያልነበረው ሰው መሄጃ አገኘ፤ እንግዳን ቤት አምጥቶ ማብላት ቀርቶ በውጭ ጽዋ መጋበዝ ተለመደ፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ነበሩ። መካ ላይም ካይሮ ላይም የተፈራው ስብስብ ይህ ነው፦ የወንዶች፣ የውጭ፣ የሌሊት፣ ዘፈንና ቁማርም የሚጨመርበት። የኛ አገር ቡና ግን አቅጣጫው በተቃራኒው ነው። ሰውን ከቤት አያወጣም፤ ጎረቤትን ወደ ቤት ያስገባል። የምትቆላው፣ የምታፈላውና የምትቀዳው እናት ናት፤ ማን መጠራት እንዳለበት፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚገባ የምትወስነውም ብዙውን ጊዜ እሷው ናት። ስለዚህ የኻኢር ቤይን ክልከላ አንሥቶ የወሎዋን እናት ጀበና የሚከለክልበት ሰው፣ ቂያሱን የሠራው በሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መካከል ነው፤ ስማቸው ብቻ አንድ ነው። ቡና ላይ የሚደረገው ዱዓ ተቃውሞ ሊቀርብበት ይችላል፤ ተቃውሞው ግን በራሱ ማስረጃ ይቁም እንጂ ከመካ አይበደር።

በነገራችን ላይ፣ ከመካው የሌሊት ስብስብ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በዚያው በኢብን ዐብዱልገፋር ጽሑፍ ያለ ሌላ ሥዕል ነው። በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአል-አዝሀር የየመኖች ሪዋቅ ውስጥ ሱፊዮች በሰኞና በጁሙዓ ሌሊት ተሰብስበው ቀህዋን ከቀይ ሸክላ በተሠራ ትልቅ ዕቃ ያስቀምጡ ነበር። መሪያቸው በትንሽ መቅጃ እየጨለፈ ወደ ቀኝ እያዞረ ያጠጣቸዋል፤ እነሱም ዚክራቸውን ይቀጥላሉ። በወሎ ዱዓ ቤት ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሸክላውንም፣ የቀኙንም ዙር፣ የዚክሩንም ድምፅ ያውቀዋል። እኔም አውቄዋለሁ። ግን መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። ልማዱ ከየመን ወደ እኛ መጣ፣ ከእኛ ወደ የመን ሄደ ወይስ በሁለቱም ዳርቻ አብሮ አደገ ብሎ ለመወሰን በመካከል ያሉትን ዘመናት የሚሞላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ወገን የተጻፉት መጻሕፍት ክፍተቱን ይሞሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሞሉትም፣ ግን ጠቃሚ ነገር ያስጨብጣሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ በጻፉበት፣ ሪታ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ቡና ሥነ ሥርዓት ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ በክርስቲያኑ ደጋ ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ማለዘባቸው ሁኔታውን ለወጠው። እንግዲህ ዛሬ የአገር መለያ ሆኖ በየአውሮፕላን ማረፊያው ለእንግዳ የሚታየው የቡና ሥርዓት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጠጪውን በሃይማኖቱ ያስጠረጥረው ነበር። ሪታ ፓንክረስት ይህን በጨዋነትና በጥሩ ማስረጃ አሳይተዋል። ያልጠየቁት ግን ቀጣዩን ጥያቄ ነው፤ ሙስሊሞቹ በነዚያ መቶ ዓመታት ቡናቸውን እንዴት ይጠጡ ነበር? ምንጮቻቸው በአብዛኛው የአውሮፓ ተጓዦች ናቸው፤ ተጓዡም የሚያየው በቤተ መንግሥትና በገበያ ያለውን ነው።

የሦስቱ ዙር ስሞች ጉዳይም አለ። «በረካ» ከዐረብኛው «በረካህ» መሆኑን የሚጠራጠር የለም። «አቦል» ከ«አወል» ጋር ብዙ ጊዜ ይዛመዳል። «ቶና»ን ከ«ሣኒ» ጋር ለማያያዝ ግን የድምፁ ለውጥ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ዐረብኛ ናቸው ብለን በመድረሳ ከማስተማራችን በፊት የቋንቋ ሊቃውንትን መጠየቅ ይሻላል። አንዱ ቃል በቂ ነው። ሦስተኛውን ጽዋ በረካ ብሎ የሰየመ ማኅበረሰብ ቡናን እንዴት እንደያዘው ነግሮናል።

የጄምስ ማካን «ስቲሪንግ ዘ ፖት» (እ.ኤ.አ. 2009) በሰፊው የተነበበ የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ክፍል ማዕከል ያደረገው እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያደረጉትን ታላቅ ግብር ነው፤ የአገሪቱ ልዩ ልዩ ወጦች በአንድ ማዕድ ተሰባስበው ብሔራዊ ምግብ የሆኑበት ቀን ተደርጎ ይተረጎማል። ትረካው ውብ ነው፤ ማካን የእርሻንና የማዕድን ታሪክ አገናኝቶ በመጻፍ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለብሔራዊ ምግብ መወለጃ የተመረጠው ማዕድ ሙስሊሙ የማይቀመጥበት ነው። በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን ዕርድ እንደማይበላ ማንም ያውቃል። ይህ ልማድ በሱረቱል ማኢዳ ስለ ኪታብ ባለቤቶች ምግብ ከተደነገገው ፈቃድ ጋር እንዴት እንደሚታይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ኤሎይ ፊኬ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሥጋ በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል እንዴት ድንበር እንደሆነ መርምረውታል። ማካንና ፊኬ ጎን ለጎን ሲነበቡ የመጀመሪያው መጽሐፍ የጎደለው ይታያል። የአገር ማዕድ በአንድ ግብር ላይ አልተሠራም፤ ሁለት ዕርድ ባለበት ሠርግ፣ የጎረቤት ድስት ለየብቻ በሚጣድበት ለቅሶም ተሠርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ ስለ ምግብ ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ በዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች፣ በአዛውንት ቃልና በቦታ ጉብኝት ላይ የቆመ ነው። ጃማ ንጉሥን፣ ጌታንና ዳናን የመሰሉ ማዕከላትን ሲያወሱ ቡናና ጫት የዱዓው አካል ሆነው በዳር ይታያሉ። ዋና ጉዳያቸው ስላልሆነ አልዘረዘሩትም። ግን መንገዱን አሳይተዋል፤ የሸይኾች ገድልና የመንዙማ ጥራዝ በየመስጊዱ ሣጥን ተቀምጦ ሳለ፣ የማዕዱ ታሪክ ምንጭ የለውም ማለት እንደማይቻል። ዘካርያስን ያህል ቅርበት ያለው ምሳሌ ከፈለግን ከጫት ታሪክ እናገኛለን። እዝቅኤል ገቢሳ «ሊፍ ኦፍ አላህ» በተሰኘው የ2004 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፋቸው የሐረርጌን ጫት ከጸሎት ቤት እስከ ገበያ ተከትለው ከገበሬው አፍ ሳይቀር ሰብስበዋል። በጫት ላይ ያለን ብይን ምንም ይሁን ምን፣ ለቡና እንዲህ ያለ መጽሐፍ እስካሁን የለንም።

የጀዚሪ ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1996 በአቡ ዳቢ በዐረብኛ ታትሟል፤ ከፊሉን ሲልቬስትር ደ ሳሲ ከዚያ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ አሳትመውት ነበር። ወደ አማርኛ አልተመለሰም። ዐረብኛው ከባድ አይደለም፤ «ፈትሑል ቀሪብ»ን የጨረሰ ደረሳ በመምህር እርዳታ ይዘልቀዋል። እኔ የመግቢያውን ክፍል ከሐቶክስ ሁለተኛ ምዕራፍ ጋር አጣምሬ ሁለት ጊዜ ከከፍተኛ ተማሪዎች ጋር አንብቤዋለሁ። ሁለቱም ጊዜ ንባቡ የቆመው በአንድ ቦታ ነው፤ በሰዕደዲን ስም ላይ። በሁለተኛው ጊዜ ከቃሉ የመጣ አንድ ደረሳ፣ አያቱ ስለ ቡና የሚያነቡት ከአባታቸው የወረሱት የዐጀም ዱዓ በደብተር እንዳለ ነገረን። ደብተሩን እንዲያመጣ ጠይቄዋለሁ።